«ልጄ አብራሪ ልሁን አለችኝ»፦ ስለ ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ደኅንነት የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ስለ አብራሪነት ሙያ ካወጣነው ጽሑፍ በኋላ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት በትንንሽ አውሮፕላኖች የሚሰጠው የበረራ ሥልጠና ምን ያህል አደጋ እንዳለበት የሚጠይቁ ናቸው። ይህን ዓምድ የማዘጋጀው እኔ ለብዙ ዓመታት ከሠልጣኞች ጎን ተቀምጬ ስበር የኖርሁ አስተማሪ ስለሆንሁ፣ ለደብዳቤዎቹ መልስ ለመስጠት ሙሉውን ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ አውዬዋለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር አንገቷን አቅንታ ስታይ ያደገች ናት፤ አሁን ትምህርቷን ጨርሳ «አብራሪ ልሁን» ብላኛለች። ልከለክላት አልፈልግም፤ ነገር ግን የማሠልጠኛ አውሮፕላን ተከሰከሰ የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። ስለ አውሮፕላን የማውቀው ነገር የለም። ማሠልጠኛውን ለማየት ስሄድ ምን ልጠይቅ? — አንዲት እናት

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ በመጀመሪያ እውነቱን ሳልሸፋፍን ልንገርዎት። ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን መንገደኞችን እንደሚያመላልሰው ትልቅ አውሮፕላን አስተማማኝ አይደለም፤ ነው ብሎ ሊያሳምንዎት የሚሞክር ሰው ካለ ከእርሱ ይጠንቀቁ። ይሁን እንጂ ሰዎች ለግል ጉዳያቸው ወይም ለመዝናናት ከሚያደርጉት በረራ ጋር ሲነጻጸር፣ በሥልጠና በረራ ላይ ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ የሚደርሰው ባነሰ መጠን ነው። ከሠልጣኙ ጎን አስተማሪ አለ፤ ሠልጣኙ ብቻውን በሚወጣበት ጊዜም የሚበርበት ቦታ፣ የአየሩ ጠባይና የነፋሱ ልክ አስቀድሞ ይወሰንለታል፤ አውሮፕላኑም በብዙ አገሮች በየ100 የበረራ ሰዓቱ እንዲፈተሽ ደንቡ ያስገድዳል።

አደጋዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። በቁጥር የሚበዙት መሬት ላይ ወይም መሬት አጠገብ፣ ሠልጣኙ ማረፍ በሚለማመድበት ጊዜ የሚደርሱ ናቸው። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ይነጥራል፤ የፊት ጎማው እግር ይታጠፋል፤ ፕሮፔለሩ አስፋልቱን ይመታል፤ ወይም የጎን ነፋስ ገፍቶት ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ሣር ውስጥ ይቆማል። ብረት ይጎዳል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ሠልጣኙ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእግሩ እየሄደ ይወጣል። የሚገድሉት ሌሎች ናቸው፤ በዝቅተኛ ከፍታ ላይ አውሮፕላኑን መቆጣጠር ማቃት፣ በአየር ላይ መጋጨት፣ ያለ በቂ ሥልጠና ደመና ውስጥ መግባት። ጥሩ ማሠልጠኛ ማለት የመጀመሪያዎቹን የሚቀንስና ሁለተኞቹ እንዳይደርሱ ሌት ተቀን የሚያስብ ነው።

ወደ ማሠልጠኛው ሲሄዱ አዲስ ቀለም የተቀባውን አውሮፕላንና የተመረቁትን ሠልጣኞች ፎቶግራፍ ያሳዩዎታል። እርስዎ ግን የእያንዳንዱን አውሮፕላን የብልሽት መዝገብ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ንባቡ ከባድ አይደለም። «የግራ ፍሬን ላላ»፣ «ሁለተኛው ሬዲዮ ይንጫጫል»፣ «የበሩ መቆለፊያ አይይዝም» የሚሉ አጫጭር ጽሑፎችን ያገኛሉ፤ ከእያንዳንዱ ሥር የጠጋኙ ፊርማና የተጠገነበት ቀን መኖር አለበት። ገጹ በእንደነዚህ ያሉ ጽሑፎች ቢሞላ አይፍሩ። የሚያስፈራው ባዶው ገጽ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ የሚነሳና የሚያርፍ፣ ጀማሪ እጅ የሚፈራረቅበት አውሮፕላን ለወራት ብልሽት ካልተጻፈበት፣ የሚበላሸውን የሚጽፍ ሰው የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ደግሞ ይህ ይሁን፦ «በአየር ጠባይ ምክንያት በረራ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰረዘው መቼ ነው? የሰረዘውስ ማን ነው? አስተማሪው የዚያን ቀን ደመወዙን አገኘ ወይስ አጣ?» ሰዎቹ በጥያቄው ሊገረሙ ይችላሉ፤ ግን አይተዉት። በብዙ ማሠልጠኛዎች አስተማሪው ራሱ ወደ ትልቅ አየር መንገድ ለመግባት የበረራ ሰዓት የሚያጠራቅም ወጣት ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ከ2013 ጀምሮ በአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን በመደበኛው መንገድ 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። ይህ ወጣት የሚከፈለው በበረረው ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ሰማዩ በከፋ ቁጥር የዕለት ገቢውንም የሚያጠራቅመውን ሰዓትም ያጣል። ሠልጣኙም ከሩቅ መጥቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ሁለቱም «እስቲ ወጥተን እንየው» ለማለት ምክንያት አላቸው፤ «ዛሬ አንበርም» የሚለው ቃል ግን ደጋፊ የለውም። በተሰረዘ በረራ ፋንታ በክፍል ውስጥ ወይም በሲሙሌተር (መሬት ላይ በሚቆም የበረራ ማስመሰያ) ላይ ለሚሰጠው ትምህርት ለአስተማሪው የሚከፍል፣ በአየር ጠባይ ለቀረ በረራም ሠልጣኙን የማይቀጣ ማሠልጠኛ ካገኙ፣ የልጅዎን ደኅንነት በእውነት ያሰበ ሰው እዚያ አለ።

መሰረዝ ይህን ያህል የሚያስጨንቀኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በ1954 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ የመብረር ሥልጠና የሌላቸው 20 አብራሪዎች የውጭውን አድማስ እንዳያዩ ተደርገው ሲፈተኑ፣ ሃያዎቹም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቅቷቸዋል፤ ይህም የሆነው በአማካይ በ178 ሴኮንድ ውስጥ፣ ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ነው። ሰው አድማሱን ሲያጣ የጆሮው ሚዛን ይዋሸዋል፤ እየዞረ ሳለ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። ይህን ድፍረትና ጉብዝና አያሸንፉትም።

ሦስተኛ፣ «በትንሹ ሰዓት እናስጨርሳታለን» የሚል ቃል ከሰጡዎት ይጠርጥሩ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለግል አብራሪነት ፈቃድ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 40 የበረራ ሰዓት ሲሆን፣ በጸደቀ የሥልጠና መርሐ ግብር ለሚማር ሰው 35 ሰዓት ነው። ይህ ከዚያ በታች ፈቃድ አይሰጥም ለማለት የተቀመጠ ወለል ነው፤ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ በዚህም የሚያሳፍር ነገር የለም።

ጥያቄ፦ እስካሁን 14 ሰዓት በርሬአለሁ። ከሁሉም ነገር የሚያስፈራኝ የስቶል ልምምድ ነው። የማስጠንቀቂያው ጡሩምባ መጮህ ሲጀምር እጄ ይርዳል፤ ባለፈው ሳምንት የግራው ክንፍ ድንገት ሲወድቅ ጮህሁ። አስተማሪዬ «ትለምደዋለህ» ከማለት በቀር ብዙ አላስረዳኝም። ደግሞስ ሞተሩ በእውነት ቢጠፋ ምን ይሆናል? — ሠልጣኝ

መልስ፦ ፍርሃትዎን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ፍርሃቱን የሚደብቅ ሠልጣኝ ከሚፈራ ሠልጣኝ ይልቅ ያሳስበኛል። በደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አሉ፤ ለየብቻ እንያቸው።

ስቶል የሞተር ጉዳይ አይደለም፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራም ሊደርስ ይችላል። ክንፉ ከሚመጣበት አየር ጋር የሚፈጥረው ማዕዘን በእኛ ዓይነት አውሮፕላኖች ወደ 15 ወይም 16 ዲግሪ ሲደርስ፣ በክንፉ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይፈስ የነበረው አየር ይላቀቅና ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። መፍትሔውም ከዚሁ ይመነጫል፤ መሪውን ወደፊት ለቀቅ አድርጎ ማዕዘኑን መቀነስ። ሰውነታችን ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል፤ አፍንጫው ሲወድቅ እጅ በራሱ መሪውን ወደ ሆድ ይስባል። ልምምዱ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። የግራው ክንፍ ሲወድቅም መሪውን ወደ ቀኝ በመጠምዘዝ ሊያነሱት አይሞክሩ፤ መጀመሪያ ማዕዘኑን ይቀንሱ፣ በቀኝ እግርዎ ሩደሩን (አፍንጫውን ወደ ጎን የሚያዞረውን የጅራት መሪ) ገፍተው አፍንጫው ወደ ግራ እንዳይዞር ይያዙ፣ ክንፉ መሸከም ሲጀምር ያቃኑት።

ይህ ሁሉ በከፍታ ላይ ሲሆን ትምህርት ነው። ሰው የሚሞትበት ስቶል ግን ልምምድ ላይ የሚደርሰው ሳይሆን ሳይታሰብ ለማረፍ ሲታጠፉ የሚመጣው ነው። እንዴት እንደሚሆን ላሳይዎት። ሠልጣኙ ወደ ማኮብኮቢያው ለመታጠፍ ሲዘጋጅ ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል፤ በመሆኑም ቀጥ ማለት ከሚገባው መስመር አልፎ ይገኛል። ክንፉን አብዝቶ ማዘንበል ይፈራል፤ ስለዚህ ሳይታወቀው በእግሩ ሩደሩን እየገፋ አፍንጫውን ወደ ማኮብኮቢያው ይጎትታል። ክንፉ ይበልጥ መዘንበል ሲጀምር መሪውን ወደ ተቃራኒው ይጠመዝዛል፤ አፍንጫው ሲወርድ ደግሞ መሪውን ይስባል። በዚያች ቅጽበት በመታጠፊያው ውስጠኛ ክፍል ያለው ክንፍ ስቶል ያደርግና አውሮፕላኑ ወደዚያው ይገለበጣል። ከመሬት ያለው ርቀት ጥቂት መቶ ጫማ ነው፤ ከዚያ ለመውጣት አይበቃም። ማዘንበልም ዋጋ አለው፤ ከፍታን ጠብቆ በ45 ዲግሪ መታጠፍ ስቶል የሚደርስበትን ፍጥነት በ19 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ መታጠፍ ደግሞ በ41 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ መስመሩን አልፈው ከተገኙ እንደምንም ብለው አያስተካክሉት። ሞተሩን ሙሉ ኃይል ሰጥተው፣ ክንፉን አቅንተው፣ እንደገና ዞረው ይምጡ። ዞሮ መምጣት የሚያስወቅስበት ማሠልጠኛ ውስጥ ካሉ ማሠልጠኛዎን ይቀይሩ፤ ይህን የምለው አስቤበት ነው።

አስተማሪዎ «ትለምደዋለህ» ማለታቸው አይበቃም። ልምምዱን ከመሬት ቢያንስ 3,000 ጫማ ከፍ ብላችሁ እንድታደርጉ፣ መጀመሪያ ጡሩምባው ሲጮህ ብቻ እንድታቆሙ፣ ቀጥሎ መንቀጥቀጡ እስኪሰማ፣ በመጨረሻም ክንፉ እስኪወድቅ ደረጃ በደረጃ እንድትሄዱ ይጠይቁአቸው። እያንዳንዱን ደረጃ ሳይጨነቁ ከሠሩት በኋላ ብቻ ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

ሞተሩ ቢጠፋስ? አውሮፕላኑ እንደ ድንጋይ አይወድቅም፤ ይንሸራተታል። በዓለም ማሠልጠኛዎች በብዛት የሚታየው ሴስና 172 ሞተሩ ጠፍቶ በ68 ኖት (በሰዓት 126 ኪሎ ሜትር) አካባቢ ሲንሸራተት፣ ነፋስ በሌለበት፣ አንድ ጫማ በወረደ ቁጥር ዘጠኝ ጫማ ያህል ወደፊት ይሄዳል፤ ከ3,000 ጫማ ላይ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ለዚህም ነው አስተማሪዎ በየጊዜው ጉልበቱን ቀንሰው «የት ታርፋለህ?» የሚሉዎት። አስቸጋሪው ገና እንደተነሱ ሲጠፋ ነው። ያኔ ወደ ማኮብኮቢያው ተመልሶ ለመዞር የሚደረገው ሙከራ ብዙ ሰው ገድሏል፤ አፍንጫውን ወዲያው ዝቅ አድርገው፣ ፊት ለፊት ወይም በትንሹ ወደ ጎን ካለው ቦታ የተሻለውን መርጠው ይረፉ። አጥር ቢጥሱም ክንፉን አቅንተውና ፍጥነትን ጠብቀው የደረሱ ሰዎች በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ሞተር የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብረት ተሰብሮ ሳይሆን ነዳጅ አልቆ፣ ውሃ ገብቶበት ወይም ካርቡሬተሩ (ነዳጅና አየር የሚቀላቀሉበት ክፍል) ውስጥ በረዶ ተጋግሮ ነው። የካርቡሬተር በረዶ ለቅዝቃዜ ወቅት ብቻ የተተወ አይደለም፤ እርጥበት ካለ የውጭው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖም፣ ከዚያ በላይም ሆኖ ይጋገራል። ስለ ውሃው ግን በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርዎት።

ገና አስተማሪ በሆንሁ ሰሞን፣ ሌሊቱን ሲዘንብበት ባደረ አውሮፕላን ስድስት ሰዓት ብቻ የበረረ ሠልጣኝ ይዤ ልወጣ ነበር። ለፒስተን ሞተር የምንጠቀምበት ቤንዚን እንዲለይ ሆን ተብሎ ቀላል ሰማያዊ ቀለም ይገባበታል፤ ውሃ ደግሞ ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ጋኑ ሥር ይወርዳል። ሠልጣኙ በክንፉ ሥር አጎንብሶ ከማጥለያው ላይ ናሙና ቀዳ። እኔ ከወዲያ ሆኜ ጠርሙሷን በሩቁ አየሁ፤ ሁለት ቀለም የሚለይ መስመር የለባትም፤ ጥሩ ነው ብዬ ወደ በሩ ሄድሁ። ልጁ ግን ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አንሥቶ ቆየና «ይህቺኛዋ ለምን ሰማያዊ አልሆነችም?» አለኝ። መስመር ያልታየው ጠርሙሷ በሙሉ ውሃ ስለነበረች ነው። ሸተትኋት፤ ምንም አትሸትም። የጋኑ ክዳን ላስቲክ አልቆ ሌሊቱን ዝናብ ሲያስገባ አድሯል። ደጋግመን ቀዳን፤ ሰማያዊው የመጣው ከብዙ ጠርሙስ በኋላ ነው። የዚያን ቀን በረራውን ሰርዤ የክዳኑን ነገር መዝገብ ላይ ጻፍሁ። ከዚያ ወዲህ ናሙናውን በእጄ ይዤ፣ ከነጭ ነገር ፊት አድርጌ፣ አሽትቼ ካልሆነ አልነሳም። እርስዎም መስመር መኖር አለመኖሩን ብቻ ሳይሆን ቀለሙን ይዩ።

ጥያቄ፦ በምማርበት ቦታ አንደኛው አውሮፕላን ላይ የአብራሪው መቀመጫ አንዳንድ ጊዜ በደንብ አይቆለፍም። ለአስተማሪው ስነግረው «መዝገብ ላይ ከጻፍኸው አውሮፕላኑ ይቆማል፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚበር አይኖርም፤ በቃል ለጠጋኙ እነግረዋለሁ» አለኝ። ዝም ልበል? — ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ዝም አይበሉ። በተለይ የመቀመጫ ነገር ከሆነ ለአንድ ቀንም ዝም አይበሉ።

አውሮፕላኑ ለመነሳት ሲፈጥንና አፍንጫው ቀና ሲል፣ ያልተቆለፈ መቀመጫ በሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አብራሪው እንዳይወድቅ በእጁ ያለውን ይጨብጣል፤ በእጁ ያለው ደግሞ መሪው ነው። መሪው ሲሳብ አፍንጫው ሽቅብ ይቆማል፤ እግሩ ከሩደሩ ርቋል፤ እጁ የጉልበት መስጫው ጋ አይደርስም። በሴስና አውሮፕላኖች ላይ እንዲህ ያለ አደጋ በመድረሱ፣ የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የመቀመጫው ሐዲድ፣ የመቆለፊያው ዘንግና ቀዳዳዎቹ በየጊዜው እየተለኩ እንዲፈተሹ በ1987 የግዴታ መመሪያ አውጥቷል። የመቆለፊያው ቀዳዳ በመበላቱ የሚመጣ እንጂ ድንገተኛ ነገር አይደለም፤ ጠጋኙ በመለኪያ ሊያየው ይችላል፤ እንዲያየው ግን ሊጻፍለት ይገባል። እስኪጠገን ድረስ በዚያ አውሮፕላን አይውጡ። ሌሎቹንም ሲይዙ፣ ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት ጀርባዎን አስደግፈው በእግርዎ ገፍተው ይሞክሩት።

በቃል የተነገረ ብልሽት ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን ሠልጣኝ አይጠብቀውም። እርሱ የሚያነበው መዝገቡን ነው። ለአስተማሪዎ በአክብሮት «ለእኔ ብቻ ቢሆን እታገሥ ነበር፤ ነገር ግን ከእኔ በኋላ የሚቀመጠው አያውቅም» ይበሏቸውና በራስዎ እጅ ይጻፉት። ይህን በማድረግዎ ቢቆጡዎት ወደ ማሠልጠኛው የደኅንነት ኃላፊ፣ ካልሆነም ወደ አገርዎ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይሂዱ። በብዙ አገሮች የሪፖርት አቅራቢውን ስም የሚሰውሩ መንገዶች አሉ፤ ለዚህ ፈር ከቀደዱት አንዱ በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ሥር ከ1976 ጀምሮ የሚሠራው ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ አደጋ ልናገር፤ ምክንያቱም የመጻፍን ጥቅም ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየኝ እርሱ ነው። በ2018 ሚያዝያ ወር መጀመሪያ በፍሎሪዳ ዴይቶና ቢች አንድ ፓይፐር ፒኤ-28 የማሠልጠኛ አውሮፕላን፣ የፈቃድ ፈተና በሚሰጥበት በረራ ላይ፣ መሬት ነክቶ እንደገና ተነሥቶ ሽቅብ ሲወጣ የግራ ክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ። ሠልጣኙና ፈታኙ ሁለቱም ሞቱ። መርማሪዎቹ ክንፉን የሚሸከመው ዋና አግዳሚ ብረት ከአውሮፕላኑ አካል ጋር በብሎን በሚያያዝበት ቦታ፣ በብረት ድካም ምክንያት ቀስ በቀስ የተስፋፋ ስንጥቅ አገኙ፤ በቀኙም ክንፍ ተመሳሳይ ስንጥቅ ነበር። አውሮፕላኑ የበረረው ወደ 7,690 ሰዓት ነው። ስንጥቁ በተሸፈነ ቦታ ስለነበር የዚያን ቀን ማለዳ አውሮፕላኑን ዞሮ የፈተሸ ሰው በዓይኑ ሊያየው አይችልም ነበር። በ2021 የአሜሪካው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ብዙ የሠሩ የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች የብሎን ቀዳዳቸው በኤሌክትሪክ መመርመሪያ እንዲፈተሽ አዘዘ።

የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከግል አውሮፕላን ይልቅ ደጋግሞ ያርፋል፤ ደጋግሞም ይመታል። ሠልጣኝ አውሮፕላኑን መሬት ላይ ባላተመው ጊዜ ሁሉ ያ መጻፍ አለበት፤ ጠጋኙ የትኛውን ብረት ገልጦ እንደሚያይ የሚያውቀው ከዚያ ነው። ሠልጣኙ ቅጣት ፈርቶ ከደበቀው፣ ሌላ ሰው ያንን ክንፍ ይዞ ይወጣል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ የአደጋ ምርመራ ብቸኛ ዓላማ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ በግልጽ የደነገገው፣ ሰው የሚያውቀውን እንዲናገር ነው። ለትልቁ አደጋ የተባለው በየቀኑ ለሚደርሰው ትንሽ ነገርም ሊሠራ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች የ40 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ናቸው ይባላል። እንዴት ይፈቀዳል? ሁሉም ላይ ጃንጥላ ለምን አይደረግም? — አንባቢ

መልስ፦ ዕድሜ ብቻውን አይናገርም። ሴስና 172 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1955 ሲሆን ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እስካሁን ይበራሉ። ሞተሩና ፕሮፔለሩ በጊዜያቸው ይታደሳሉ። ጠይቀው ማወቅ ያለብዎት የበረራ ሰዓቱን፣ የታደሰበትን ጊዜና የግዴታ መመሪያዎቹ የተፈጸሙ መሆናቸውን ነው። ሙሉ አውሮፕላኑን የሚያወርድ ጃንጥላ ሲረስ በሚባሉት አውሮፕላኖች ላይ ከፋብሪካው ተገጥሞ ይመጣል፤ የብዙ ሰው ሕይወትም አትርፏል። ነገር ግን ክብደትና ወጪ አለው፤ ለመዘርጋትም ከፍታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከላይ የገለጽሁትን የመታጠፊያ ስቶል ብዙ ጊዜ አይደርስለትም።

ጥያቄ፦ ሰማዩ ሰፊ ነው፤ ሬዲዮ አለ፤ ቀኑም ብራ ነው። ታዲያ ሁለት አውሮፕላን እንዴት ይጋጫል? — የአብራሪ ሠልጣኝ ወንድም

መልስ፦ በአየር ላይ ግጭት የሚበዛው በብራ ቀን፣ በአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። ሰማዩ ሰፊ ቢሆንም ማኮብኮቢያው አንድ ነው፤ ሁሉም ወደ እርሱ ይጠባል። በ2018 ሐምሌ በፍሎሪዳ የአንድ ማሠልጠኛ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው አራት ሰዎች ሞተዋል፤ በ2025 ሐምሌ ደግሞ በካናዳ ማኒቶባ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይበሩ የነበሩ ሁለት ሠልጣኞች መነሣትና ማረፍ ሲለማመዱ ተጋጭተው ሞተዋል።

ዓይናችን የሚንቀሳቀስን ነገር ፈጥኖ ያያል። ሊጋጨን የሚመጣው አውሮፕላን ግን በመስተዋቱ ላይ ቦታውን አይለውጥም፤ እዚያው ቆሞ ቀስ እያለ ይተልቃል፤ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ድንገት መስኮቱን ይሞላዋል። ክንፉ ከላይ የሆነ አውሮፕላን አብራሪ ከላይ የሚመጣውን አያይም፤ ክንፉ ከታች የሆነው ደግሞ ከበታቹ ያለውን አያይም፤ ክንፉ ከታች የሆነው ከላይ፣ ክንፉ ከላይ የሆነው ደግሞ ከሥሩ ሆነው ለማረፍ ሲወርዱ ሁለቱም ታውረዋል ማለት ነው። ሬዲዮም የሚጠቅመው ሁሉም በአንድ ሞገድ ላይ ሆኖ፣ ያለበትን በትክክል ተናግሮ፣ ሲናገር ሌላው ካልሸፈነው ነው። ለወንድምዎ ይህን ይንገሩልኝ፦ ከመታጠፍህ በፊት ክንፍህን ቀና አድርገህ የምትታጠፍበትን ወገን እይ፤ በሬዲዮ የሰማኸውን አውሮፕላን በዓይንህ ካላገኘኸው እንዳገኘኸው አድርገህ አትቀጥል፤ ጠይቅ፣ ወይም ከዙሩ (አውሮፕላኖች ለማረፍ ማኮብኮቢያውን ከሚዞሩበት መስመር) ውጣ።

ጥያቄ፦ አስተማሪነት ከጀመርሁ አራት ወሬ ነው። መሪውን ከሠልጣኙ መቼ መቀበል እንዳለብኝ ይቸግረኛል። ቶሎ ከተቀበልሁ አይማርም፤ ከዘገየሁ ደግሞ አደጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ሠልጣኙ ሲያርፍ ነጠረ፤ እርሱ እኔ የያዝሁት መስሎት ለቀቀ፤ እኔ እርሱ የያዘው መስሎኝ ነበር። በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፍን። — ጀማሪ አስተማሪ

መልስ፦ የሥራ ባልደረባዬ፣ ይህን መጻፍዎ ከብዙዎቻችን ይልቅ ደፋር ያደርግዎታል። እኔም በዚያው መንገድ አልፌያለሁ።

ስለ ርክክቡ ደንቡ ሦስት ቃል ነው። የሚያስረክበው «ያዝ» ይላል፤ የሚቀበለው «ይዣለሁ» ይላል፤ የሚያስረክበውም እጁን ሲያነሣ «ይዘሃል» ብሎ ያረጋግጣል። ሦስቱም ካልተባሉ መሪው ገና አልተላለፈም። ይህን ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት በየቀኑ፣ መቶኛ በረራው ላለው ሠልጣኝም ቢሆን፣ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። ርክክብ ሳይኖር እጅዎን መሪው ላይ ማሳረፍዎንም ይተዉ፤ ሠልጣኙ ግፊትዎን ሲሰማ እርስዎ የያዙት ይመስለዋል፤ የደረሰባችሁም ይኸው ይመስለኛል። እጅዎን ጭንዎ ላይ፣ ከመሪው አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ያኑሩ፤ እግርዎን ከሩደሩ ሳይነካ ያስጠጉ።

የመቀበያውን ጊዜ በተመለከተ፣ በአየር ላይ ሆነው በዚያች ቅጽበት ለመወሰን አይሞክሩ፤ መሬት ላይ ሳሉ ይወስኑት። እኔ ለራሴ ያስቀመጥሁት ወሰን ይህ ነበር፦ ለማረፍ ስንወርድ 200 ጫማ ላይ ፍጥነቱና መስመሩ ካልተስተካከሉ «ዙር» እላለሁ፤ ሠልጣኙ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ሙሉ ጉልበት ካልሰጠ «ይዣለሁ» ብዬ እወስዳለሁ። ሲነጥር ደግሞ ሁለተኛውን ንጥረት አልጠብቅም፤ የፊት ጎማ እግር የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው። ወሰኑን ሠልጣኙም አስቀድሞ ይወቀው፤ ያን ጊዜ መሪውን ሲወስዱበት እንደ ውርደት አያየውም።

ሠልጣኝ በድንጋጤ መሪውን ጨምድዶ አልለቅም የሚልበት ጊዜም አለ። በጉልበት መታገል አያዋጣም። ስሙን ጠርተው፣ በአንድ ቃል፣ ጮክ ብለው «ልቀቅ» ይበሉት፤ ካልሆነም በእጅዎ ፊቱን ይከልሉበት፤ ሰው ፊቱ ሲከለል እጁን ከያዘበት አንሥቶ ወደዚያ ይሰዳል።

ከበረራው በኋላም በሠልጣኙ ማኅደር ላይ መሪውን በምን ምክንያት፣ በስንት ጫማ ላይ እንደወሰዱ ይጻፉ። ያለፈውን ሳምንት ጉዳይ ካልጻፉት ዛሬ ይጻፉት፤ አውሮፕላኑ ስለነጠረም በብልሽት መዝገቡ ላይ አስፍረው፣ የፊት ጎማው እግርና የሞተሩ መሸከሚያ እስኪታዩ ድረስ እንዲቆም ያድርጉ።